የታችኛው መንጋጋና ሰው ሠራሽ ጥርሶቹ፦ ከሞላ እስከ ቲታኒየም ብሎን

ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ያለቀ ሰው በላይኛውና በታችኛው መንጋጋው ላይ የሚገጥመው ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላንቃን የሚሸፍን ሰፊ ሰሌዳ ስላለው፣ በሰሌዳውና በድዱ መካከል በሚቀረው ስስ የምራቅ ሽፋን እየተሳበ፣ በጠርዙም ዙሪያ ያለው ለስላሳ ሥጋ አየር እንዳይገባ እየዘጋለት ባለበት ይጸናል። የታችኛው ግን የቅስት ቅርጽ ባለው ጠባብ የድድ ሸንተረር ላይ ብቻ ስለሚያርፍ የሚሸፍነው ስፋት የላይኛውን ግማሽ ያህል ነው፤ ከውስጥ ምላስ ይገፋዋል፣ ከውጭ ጉንጭና ከንፈር ይጫኑታል፣ ከሥሩ ደግሞ የአፍ ወለል ሰው በተናገረና በዋጠ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ያነሣዋል። በላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ተደስተው የሚኖሩ ብዙ ሰዎች የታችኛውን አውልቀው በመሳቢያ የሚያስቀምጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ለጥርስ ሠሪዎች አስቸጋሪ ሆኖ የኖረው የታችኛው መንጋጋ ግን በፊት ለፊቱ፣ ከአገጭ በላይ ባለው ክፍል፣ ጥቅጥቅ ያለ ጠንካራ አጥንት አለው። ስለዚህም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ ሰው ሠራሽ ጥርስን የሚሸከም የብረት ሥር፣ መሞከር ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ በተሻለ አስተማማኝነት የተሳካው በዚሁ ቦታ ነበር። የታችኛው መንጋጋ ታሪክ እንግዲህ ሁለት ምዕራፎች አሉት፤ የመጀመሪያው ጥርሱን በድድ ላይ ለማጽናት የተደረገው ረጅም ትግል ሲሆን፣ ሁለተኛው በአጥንት ውስጥ መትከል ከተቻለ በኋላ ስንት ኢምፕላንት እንደሚበቃ የተደረገው ክርክር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞላ፣ የጉማሬ ጥርስና ጎማ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከዝሆን ወይም ከጉማሬ ጥርስ እየተጠረበ ይሠራ ነበር። በ1728 የጥርስ ሕክምናን እንደ ራሱን የቻለ ሙያ ያስተዋወቀውን መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር የላይኛውንና የታችኛውን ሰሌዳ በብረት ሞላ ያያይዝ ነበር፤ ሞላው ሁለቱን ሰሌዳዎች ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ በየድዳቸው ላይ ተጭነው እንዲቆዩ ያደርጋል። ይህ ብልሃት ሰሌዳዎቹን በቦታቸው ቢያቆይም አፍን ለመዝጋት ያለማቋረጥ ጡንቻን ማስጨነቅ ይጠይቅ ስለነበር፣ ባለቤቱ ምግብ ለማላመጥ ሳይሆን በሰው ፊት ለመታየት የሚጠቀምበት ነገር ሆኖ ቀረ።

የዘመኑን አቅም ወሰን በግልጽ የሚያሳየው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ዋሽንግተን በ1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር፤ ሐኪማቸው ጆን ግሪንዉድም ከጉማሬ ጥርስ በጠረበው የታችኛ ሰሌዳ ላይ ለዚያች አንድ ጥርስ ማለፊያ ቀዳዳ አበጀ። በታችኛው መንጋጋ ላይ ያለች አንዲት ሥር እንኳ ሰሌዳውን ከመንሸራተት ለመያዝ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ግሪንዉድ ያወቀ ይመስላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንኑ መርሕ በብረት ሥር መልሰው ሥራ ላይ አዋሉት።

የእንስሳ ጥርስ በምራቅ ይበሰብስና ይሸት ስለነበር፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዱቧ ደ ሼማን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሸክላ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስን ለገበያ አቀረበ። ሸክላው አይበሰብስም፤ ነገር ግን በእቶን ሲተኮስ ስለሚኮማተር ከድድ ጋር በልክ ማጋጠም አዳጋች ነበር። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የማጠንከሩን ዘዴ ካገኘና ወንድሙ ኔልሰን በ1851 ጠንካራውን ጎማ በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ነው። ቫልካናይት የተባለው ይህ ጎማ ሳይጠነክር በድዱ ቅርጽ ላይ ተጨፍልቆ ከተሠራ በኋላ በእንፋሎት ግፊት ስለሚጠነክር ከድዱ ጋር በልክ የሚገጥም፣ ዋጋውም ከወርቅ እጅግ ያነሰ ሰሌዳ አስገኘ። በዚያው ዘመን፣ በ1840ዎቹ፣ የሚያስቀው ጋዝና ኤተር ለማደንዘዣ መዋላቸው ጥርስ ማስነቀልን ካለ ሥቃይ የሚቻል አደረገው። ሁለቱ ነገሮች ተደምረው የታመመ ጥርስን ከማከም ይልቅ ሁሉንም ማስነቀልና ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማሠራት ለብዙኃኑ ርካሽ መፍትሔ እንዲሆን መንገድ ከፈቱ።

የቫልካናይት ርካሽነት ግን ያለ ጠብ አልመጣም። ቫልካናይትን ለጥርስ ሰሌዳ የመጠቀምን የፓተንት መብት የያዘው ኩባንያ እያንዳንዱ የጥርስ ሐኪም ፈቃድ ገዝቶ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር፤ የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከንም ያለ ፈቃድ የሚሠሩትን እየተከታተለ ፍርድ ቤት ያቆማቸው ስለነበር በሙያው ውስጥ እጅግ የተጠላ ሰው ሆነ። በ1879 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሳሙኤል ቻልፋንት የተባለ የጥርስ ሐኪም ቤከንን በሆቴሉ ውስጥ ተኩሶ ገደለው፤ ፓተንቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ጊዜው አልፎ ሥራው ለሁሉም ክፍት ሆነ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ መጣ፤ የድድን ቀለም መምሰሉና ለመጠገን ማመቸቱ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ቫልካናይትን ከሥራ አስወጣው። እስከ ዛሬ ድረስ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአብዛኛው የሚሠራው ከአክሪሊክ ነው።

የሚመናመነው ሸንተረር

ዕቃው ከዘመን ዘመን ቢሻሻልም የታችኛው መንጋጋ ችግር አልተፈታም፤ ምክንያቱም ጉድለቱ በሰሌዳው ብቻ ሳይሆን በሚያርፍበት አጥንትም ላይ ነበር። የመንጋጋ አጥንት ጥርስን የሚይዘው ክፍል ህልውናው ከጥርሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥርስ ሲነቀል በሥሩ በኩል ይደርሰው የነበረው የማኘክ ጫና ይቋረጥና ክፍሉ ቀስ በቀስ ይመናመናል። የሚወልቀው ሰሌዳ በበኩሉ ከላይ እየተጫነ ይህን ሂደት ሊያፋጥን ይችላል። አንትዬ ታልግሬን የተባሉት ተመራማሪ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን መንጋጋ እስከ 25 ዓመት ድረስ በራጅ ተከታትለው በ1972 ባወጡት ጥናት፣ በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል የጠፋው የአጥንት ከፍታ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በልክ የገጠመ የታችኛ ሰሌዳ ከዓመታት በኋላ የሚያርፍበት ሸንተረር ጠፍቶ ጠፍጣፋ በሆነ፣ አንዳንዴም በጎደጎደ መሬት ላይ ይቀራል፤ የአገጩም ነርቭ በአጥንቱ ላይ ተጋልጦ ሰሌዳው በተጫነው ቁጥር ሕመም ይፈጥራል።

ሐኪሞች በየዘመኑ ያገኟቸው መላዎች ይህን ለማካካስ የታለሙ ነበሩ። የድድና የጉንጩን መጋጠሚያ በቀዶ ጥገና አጥልቆ የሸንተረሩን ከፍታ ለመጨመር ተሞክሯል፤ ከጎድን ወይም ከዳሌ አጥንት እየተቆረጠ በመንጋጋ ላይ ተለጥፏል፤ ነገር ግን የተለጠፈው አጥንት በራሱ ጊዜ አብዛኛው እንደገና ይመናመን ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ ማግኔት በአጥንት ውስጥ ቀብሮ ሰሌዳውን ለመሳብ ተሞክሯል። የነዚህ ሁሉ ሙከራዎች ጥቅም ዘላቂ ባለመሆኑ፣ አንዳንድ ሐኪሞች የሰሌዳውን መሠረት ወደ አጥንቱ ራሱ ለማውረድ አሰቡ።

በአጥንት ላይና በአጥንት ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎች

በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ባዕድ ነገር የመትከል ሐሳብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በ1931 ሆንዱራስ ውስጥ በቁፋሮ የተገኘና 600 ዓመተ ምሕረት አካባቢ እንደኖረ የሚገመት ሰው የታችኛ መንጋጋ በጎደሉት የፊት ጥርሶቹ ምትክ ሦስት የዛጎል ቁራጮች ተተክለውበት ነበር፤ በ1970 አማዴዮ ቦቢዮ የተባሉት ብራዚላዊ ባለሙያ በራጅ ሲመረምሩት ከቁራጮቹ በሁለቱ ዙሪያ አጥንት ጠንክሮ ማደጉን አዩ፤ ይህም ዛጎሎቹ ባለቤታቸው በሕይወት ሳለ እንደተተከሉ ያመለክታል። በዘመናዊው ሕክምና ደግሞ አሜሪካዊው ግሪንፊልድ በ1913 ከፕላቲነም ቅይጥ ሽቦ የተሠራ ቅርጫት መሰል ሥር ገለጸ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ አልቪን ስትሮክ ከኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ፣ ቫይታሊየም ከሚባለው፣ የብሎን ቅርጽ ያላቸው ሥሮችን በቦስተን ተከለ።

ጥርስ አልባውን የታችኛ መንጋጋ በተለይ ያነጣጠረው ዘዴ ግን ከስዊድን የመጣው በአጥንት ላይ የሚያርፍ ክፈፍ ነው። ጉስታፍ ዳል በ1940ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ይህ ዘዴ፣ በአሜሪካም ኖርማን ጎልድበርግና አሮን ገርሽኮፍ በ1949 ያሳወቁት፣ ሁለት ቀዶ ጥገና ይጠይቅ ነበር። በመጀመሪያው ድዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፍቶ የአጥንቱ ቅርጽ በልክ መውሰጃ ቁስ ይታተማል፤ በላብራቶሪ ከቫይታሊየም ተቀልጦ የተሠራው መረብ መሰል ክፈፍ በሁለተኛው ቀዶ ጥገና በአጥንቱ ላይ ይቀመጥና ድዱ ይሰፋል፤ ከክፈፉ የወጡ አራት ያህል ምሰሶዎች ብቻ በድዱ በኩል ብቅ ብለው ሰው ሠራሽ ጥርሱን ይሸከማሉ። ብዙ ሰዎች በዚህ ዘዴ ለዓመታት ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን ክፈፉ ከአጥንቱ ጋር አይዋሐድም፤ በመካከላቸው ጅማት መሰል ሥጋ ያድጋል፤ ምሰሶዎቹ በሚወጡበት ቦታ መግል ሲጀምርም ክፈፉን ማውጣት ራሱ ከባድ ቀዶ ጥገና ይሆናል።

በ1967 ደግሞ ኒው ዮርካዊው ሌናርድ ሊንኮ በጠባብ ሸንተረር ውስጥ በተሰነጠቀ ሥንጥቅ የሚገባ ስስ የምላጭ ቅርጽ ያለው ኢምፕላንት አስተዋወቀ። ይህም በዓለም ዙሪያ በብዛት ተተከለ። በዘመኑ ብዙ ባለሙያዎች ብረትን በሚከበው ጅማታማ ሥጋ ላይ ቅሬታ አልነበራቸውም፤ እንዲያውም የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት የሚያገናኘውን ጅማት ይተካል ብለው ያምኑ ነበር። ይሁን እንጂ ኢምፕላንቶቹ ከጊዜ በኋላ እየተነቃነቁ ይወጡና አጥንትን እየበሉ ይሄዱ ስለነበር፣ በ1978 በሃርቫርድና በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥምረት የተካሄደው ስብሰባ ለስኬት ያወጣው መለኪያ ከ100 ኢምፕላንት 75ቱ አምስት ዓመት እንዲያገለግሉ የሚጠይቅ ብቻ ነበር። መለኪያው ዝቅ ማለቱ ሙያው ከዚያ በላይ ሊጠብቅ እንዳልቻለ ያሳያል።

ጎተንበርግ፣ 1965

ለውጡ የመጣው ከጥርስ ሐኪሞች ሳይሆን ከአንድ የሕክምና ተመራማሪ ነው። ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ያጠና ነበር። ለዚህም በአጥንቱ ውስጥ የሚተከል፣ በመነጽር በኩል የአጥንቱን ውስጥ ለማየት የሚያስችል ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ይጠቀም ነበር፤ ጥናቱ አብቅቶ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲል አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ያለ መስበር አልላቀቅ አለው። ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህ ሽፋን ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ከመሆኑም በላይ የአጥንት ሕዋሶች ያለ ጅማታማ ሥጋ በቀጥታ በገጹ ላይ እንዲያድጉ ይፈቅዳል። ብሮነማርክ ወደ ጎተንበርግ ከተዛወረ በኋላ በውሾች መንጋጋ ላይ ለዓመታት ሙከራ አደረገ፤ በ1965ም የመጀመሪያውን ሰው አከመ። ታካሚው የመንጋጋና የአገጭ ጉድለት የነበረበት የ34 ዓመት ሰው ሲሆን፣ አራት የቲታኒየም ብሎኖች የተተከሉት በታችኛው መንጋጋው ውስጥ ነው፤ ብሎኖቹ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ ለ40 ዓመት ያህል አገልግለውታል።

የጎተንበርጉ ዘዴ ከቀደሙት የሚለየው በብረቱ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ ጥንቃቄ ነበር። አጥንት ሙቀትን አይታገሥም፤ በመሰርሰር ጊዜ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ከደረሰበት እንደሚጎዳ ኋላ ላይ በጎተንበርግ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ሐኪሙ ከትንሽ ወደ ትልቅ እየቀያየረ በመሰርሰሪያዎች ቀስ ብሎ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ የጨው ውሃ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ በመጨረሻ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ለብሎኑ ጠመዝማዛ መስመር የሚያወጣው መሣሪያ በጣም በዝግታ ይዞራል። ከዚያ ድዱ በላዩ ተሰፍቶ ብሎኑ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ያህል ያለ ምንም ጫና ተቀብሮ ይቆያል፤ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ለስላሳ በመሆኑ በዚያ ስድስት ወር ይጠበቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ብቻ ድዱ እንደገና ተከፍቶ ብሎኖቹ ከጥርሱ ጋር ይገናኛሉ። ብሮነማርክ አጥንትና ብረት በቀጥታ የሚያያዙበትን ይህን ሁኔታ ኦሲዮኢንተግሬሽን ሲል ሰየመው።

በጎተንበርግ ለጥርስ አልባው ታችኛ መንጋጋ የተመረጠው ቅርጽ እንዲህ ነበር። የታችኛው መንጋጋ ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት ተጉዞ ከአገጩ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ወደ ከንፈር ይወጣል፤ ከነዚህ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ያለው አጥንት ግን ከዚህ ነርቭ ዋና መስመር ነጻ ነው። በዚሁ ቦታ ላይ አምስት ወይም ስድስት ብሎኖች ይተከላሉ፤ በላያቸው ከወርቅ ቅይጥ የተሠራ አንድ ወጥ ክፈፍ ከአክሪሊክ ጥርሶች ጋር በትንንሽ ብሎን ይታሰራል፤ ክፈፉም ከመጨረሻዎቹ ብሎኖች አልፎ ወደ ኋላ ጥቂት ጥርሶች ያህል ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ብሪጅ የሚባለው ይህ ቋሚ ጥርስ ከድዱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ብሎኖቹን በብሩሽ ማጽዳት ይቻላል። ታካሚው ማውለቅ አይችልም፤ ሐኪሙ ግን ለጥገና ሊፈታው ይችላል።

ብሮነማርክ የጥርስ ሐኪም ባለመሆኑ ሥራው በስዊድን የጥርስ ሕክምና ክፍሎች ለዓመታት በጥርጣሬ ታይቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤትም በእርግጥ ደካማ ነበር። በ1981 ግን አዴልና ባልደረቦቹ ከ1965 እስከ 1980 በ371 ሰዎች 410 ጥርስ አልባ መንጋጋዎች ውስጥ የተተከሉ 2,768 ብሎኖችን የሚመለከት የ15 ዓመት ዘገባ አወጡ። ዘዴው ከረጋ በኋላ ታክመው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የተከታተሏቸው ሰዎች ላይ፣ በታችኛው መንጋጋ ከተተከሉት ብሎኖች 91 ከመቶ ያህሉ ጸንተው ነበር፤ በላይኛው 81 ከመቶ ያህሉ። ብሪጁን ስንመለከት ደግሞ በላይኛው መንጋጋ 89 ከመቶ፣ በታችኛው ግን 100 ከመቶው ያለማቋረጥ አገልግሏል። ለሰሌዳ ሠሪዎች አስቸጋሪ የነበረው መንጋጋ ለኢምፕላንት ከሁሉ የላቀ አስተናጋጅ መሆኑ በዚህ ዘገባ በቁጥር ተረጋገጠ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ዛርብ ዘዴውን ራሳቸውን ችለው ደግመው ካረጋገጡ በኋላ በ1982 በዚያው ከተማ ያዘጋጁት ጉባኤ የሰሜን አሜሪካን ሐኪሞች አሳመነ። የስዊድኑ የጦር መሣሪያና የኬሚካል ኩባንያ ቦፎርስም ብሎኖቹን ለማምረት በ1978 ከብሮነማርክ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ከዚህም ኋላ ላይ ኖቤል ባዮኬር የተባለው ድርጅት ተወለደ።

ከስድስት ወደ ሁለት

በዚያው ጊዜ በስዊትዘርላንድ ሌላ መንገድ እየተጠረገ ነበር። በበርን ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ሽሮደር ከስትራውማን ተቋም ጋር ሲሠሩ፣ ገጹ ሸካራ የሆነ ቲታኒየም በቀጥታ ከአጥንት ጋር እንደሚያያዝ በ1976 አሳዩ፤ ብሎናቸውም ከድዱ በላይ ብቅ ብሎ እንዲድን ስለተሠራ ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ያስቀር ነበር። ፊሊፕ ሌደርማን ደግሞ በ1979 አራት ብሎኖችን በአገጩ አካባቢ ተክሎ፣ በላያቸው አግዳሚ ዘንግ አስሮ፣ የሚወልቅ ሰሌዳን በዘንጉ ላይ የማያያዝ ዘዴ አወጣ። ዘንጉ አዲስ አልነበረም፤ የዙሪኩ ኦይገን ዶልደር ቀደም ሲል ያልተነቀሉ የጥርስ ሥሮችን በዘንግ አገናኝቶ ሰሌዳ ያስርበት ነበር። አዲሱ ነገር ሥሩ የተፈጥሮ መሆኑ ቀርቶ ቲታኒየም መሆኑና ብሎኖቹ ወራት ሳይጠብቁ ወዲያው ሥራ መጀመራቸው ነው፤ ይህንን የፈቀደውም የታችኛው መንጋጋ የፊት አጥንት ጥንካሬ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሰሌዳ ኦቨርደንቸር ይባላል፤ ባለቤቱ ለማጽዳት ራሱ ያወልቀዋል፣ ሲያደርገው ግን በዘንግ ላይ በሚቆልፍ ክሊፕ ወይም በብሎኑ ራስ ላይ በሚገጥም ሉል ጠቅ ብሎ ይያያዛል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ለዚህ አራት ብሎን የግድ እንዳልሆነ አሳዩ፤ በስተግራና በስተቀኝ የውሻ ጥርስ በነበረበት ቦታ የተተከሉ ሁለት ብሎኖች ሰሌዳው እንዳይነሣና እንዳይንሸራተት ይበቁ ነበር፤ የማኘኩ ጫና አብዛኛው አሁንም በድዱ ላይ ስለሚወድቅ ብሎኖቹ ከመጠን በላይ አይጫኑም። በ2002 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ባወጡት የጋራ አቋም፣ ጥርስ ለሌለው የታችኛ መንጋጋ የተለመደው ሰሌዳ ብቻውን የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ማብቃት እንዳለበትና በሁለት ኢምፕላንት የተያዘ ኦቨርደንቸር ቦታውን መውሰድ እንደሚገባው ገለጹ። በ2009 በእንግሊዟ ዮርክ የወጣው ተመሳሳይ አቋም ይህንኑ ደገፈ።

የማክጊል አቋም ከፍተኛውን ሕክምና ሳይሆን ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው ወለል ነው ያሰመረው። ከስድስት ብሎን ብሪጅ ጋር ሲነጻጸር የሁለት ብሎን ሰሌዳ ዋጋው እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ለአረጋውያን የጥርስ ሕክምና የሚከፍሉ የመንግሥት የጤና ሥርዓቶች ሊሸከሙት ይችላሉ የሚለው ተስፋ በአቋሙ ውስጥ ነበር። ይህ ተስፋ በብዙ አገሮች ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም፤ አብዛኛው ጥርስ አልባ አረጋዊ ዛሬም ያለ ኢምፕላንት የተሠራ ሰሌዳ ነው የሚያደርገው። በ1990ዎቹ የተጀመረውና በአገጩ መካከል በሚተከል በአንድ ብሎን ብቻ ሰሌዳን የመያዝ ጥናት የመጣውም ከዚሁ የዋጋ ጥያቄ ነው።

አራት ብሎኖች በአንድ ቀን

ሌላው የታሪኩ መስመር ቋሚውን ብሪጅ ሳይተው ጊዜውንና ቁጥሩን ለመቀነስ የሞከረው ነው። ብሮነማርክ ራሱ በ1999 ኖቩም የተባለ ዘዴ አቀረበ፤ ሦስት ወፍራም ብሎኖች በልኬት መምሪያ ተተክለው፣ አስቀድሞ በፋብሪካ የተሠራ የቲታኒየም ዘንግ ተገጥሞባቸው፣ ታካሚው በዚያው ዕለት ጥርስ ይዞ ይመለስ ነበር። ዘንጉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበረ ግን የመንጋጋው ቅርጽ ለዘንጉ መስማማት ነበረበት፤ ይህም ስርጭቱን ገደበው።

በስፋት የተሰራጨው የፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ ዘዴ ነው። ማሎ በሊዝበን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አራት ብሎኖችን ብቻ ይተክል ነበር፤ ሁለቱ የፊት ብሎኖች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ሁለቱ የኋላዎቹ ግን እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ወደ ኋላ ዘንበል ይላሉ። የማዘንበሉ ምክንያት ከላይ የተጠቀሰው ነርቭ ነው፤ ብሎኑ ከነርቩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ወደ አጥንቱ ገብቶ ራሱ ግን ወደ ኋላ ስለሚወጣ፣ ነርቩ ሳይነካ የብሪጁ መደገፊያ ወደ መንጋጋ ጥርሶች ይጠጋል፤ በጎተንበርጉ ብሪጅ ረጅም የነበረው ተንጠልጣይ ክፍልም ያጥራል። ጊዜያዊው ብሪጅ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይታሰራል። ማሎና ባልደረቦቹ በ2003 ባወጡት የመጀመሪያ ዘገባ 44 ሰዎች፣ 176 ብሎኖች ነበሩ፤ ሁሉም በታችኛው መንጋጋ ውስጥ። በዚህ አዲስ ሐሳብም ላይ የመጀመሪያው መፈተኛ የታችኛው መንጋጋ ሆነ፤ የላይኛው ዘገባ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

የምርጫው ሚዛን

ዛሬ ለታችኛው መንጋጋ የሚቀርቡት አማራጮች የዚህ ታሪክ ንጣፎች ናቸው። ድድ ላይ የሚያርፈው የአክሪሊክ ሰሌዳ፣ በሁለት ብሎን የሚያዘው ኦቨርደንቸር፣ በአራት ብሎንና በዘንግ የሚያዘው፣ በአራት ብሎን የሚታሰረው ቋሚ ብሪጅና በአምስት ወይም በስድስት የሚታሰረው ብሪጅ ሁሉም በየክሊኒኩ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በአጥንት ላይ የሚያርፈው የዳል ክፈፍ እንኳ፣ አጥንቱን በሲቲ ስካን መለካትና ክፈፉን በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ማውጣት ከተቻለ በኋላ፣ ከአንደኛው ቀዶ ጥገና ተላቅቆ አጥንታቸው እጅግ ለመነመነ ሰዎች እንደገና እየተሞከረ ነው።

እነዚህን አማራጮች እንደ ዝቅተኛና ከፍተኛ ማዕረግ መደርደር ግን ታሪኩ የሚደግፈው ንባብ አይደለም። በሁለት ብሎን የሚያዘው ሰሌዳ በቀዶ ጥገናና በዋጋ ቀላል ሲሆን፣ የመያዣው የናይለን ክፍል ስለሚያልቅ በየጊዜው ይለወጣል፤ ከኋላ ያለው ድድም ሲመናመን ሰሌዳው ከሥሩ እንደገና ይሞላል። ቋሚው ብሪጅ ጠንካራ ነው፤ ከወጪው ባሻገር ግን ባለቤቱ አጎንብሶ ከሥሩ በልዩ ብሩሽ ማጽዳት መቻል አለበት፤ እጁ በሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ በደከመ አረጋዊ አፍ ውስጥ የሚወልቀው ሰሌዳ በቀላሉ የሚጸዳ በመሆኑ ብልጫ አለው። የብሎኑ ቁጥር በአጥንቱ ጥንካሬ ጉዳይ ከ1981 ዘገባ ወዲህ ዋና አከራካሪ መሆኑ አብቅቷል፤ የታችኛው መንጋጋ የፊት አጥንት ሁለትንም ስድስትንም ይሸከማል። አሁን ቁጥሩ የሚወስነው የሕክምናውን ሸክም ማን እንደሚሸከመው ነው፤ ጥቂት ብሎን የመረጠ ሰው ድካሙን ለየዓመቱ ጥገና ይከፍላል፣ ብዙ ብሎን የመረጠ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ዋጋና በየዕለቱ ጽዳት ይከፍላል።